ሁለቱ ጠርሙሶች ኮሶዬ ሲደርሱ

ቬሮና አቅራቢያ፣ ኦክቶበር 16 ቀን 2024

ለተከበሩ አያ አለነ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? የእናቴ ወንድም ልጅ ብቻ ሳይሆኑ ፊደል ያስቆጠሩኝ ታላቄ ነዎትና የእርስዎን ጤና ከእናቴ ጤና ለይቼ አልጠይቅም። አርባ አራቱ ታቦት ሁለታችሁንም ይጠብቅልኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።

ይህን ደብዳቤና ሁለት ጠርሙስ ወይን እዚህ ጎረቤቴ የሆነችው የጎንደሯ ምንዳዬ ታደርስልዎታለች፤ ለእህቷ ሠርግ ነው የምትመጣው፣ እስከ ጥር እዚያው ናት። በስልክ ያልነገርኩዎ መስመሩ ሲቆራረጥ ነገር ስለሚበላሽ ነው።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። የወይን ጓዳችን አለቃ የነበረው የዳባቱ ልጅ ኪዳነ ማርያም ባለፈው የካቲት በልብ ሕመም ካረፈ ወዲህ ቦታው ክፍት ነው። ባለቤቱ ለእኔ ሊሰጠኝ ይፈልጋል። መጀመሪያ ግን በእንግዶች ፊት ሁለት ወይን አስቀምሶኝ ልዩነታቸውን በቃል እንዳስረዳው ይፈልጋል። አንዱ ባሮሎ ነው፤ ከዚህ በስተምዕራብ ካለ ሌላ ክፍለ አገር ይመጣል። ሁለተኛው የእኛው አማሮኔ ነው። ለአማሮኔ ዘለላውን ቆርጠን ሦስት ወር ያህል መደርደሪያ ላይ እናደርቀዋለን። ዲያቆናቱ ቤተ ልሔም ውስጥ ለቅዳሴ እንደሚያዘጋጁት ዘቢብ ይሆናል ማለት ነው። የሚጨመቀው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለቱም ቀይ፣ ሁለቱም ከባድ ናቸው፤ የሚያውቅ ሰው ግን አንዱን ከሌላው አያምታታም ይላሉ።

እኔ መቅመስ አላቃተኝም፤ ያጠረኝ ቃል ነው። የእናቴን ምላስ ያውቁታል። መንደራችን ኮሶዬ ድግስ ያለበት ሁሉ ጠላውን ለእሷ ሳያስቀምስ ለእንግዳ አያወጣም። ማን እንደጠመቀው፣ ውኃው ከየትኛው ምንጭ እንደተቀዳ ትናገራለች። እባክዎ ሁለቱንም ያስቀምሷትና የምትለውን እንዳለ ይጻፉልኝ። አማሮኔው ከበርሜል በገዛ እጄ የቀዳሁት ስለሆነ ወረቀት የለበትም። ምን እንደሆነ አስቀድመው አይንገሯት።

ፈተናው በጥር ነው።

ታናሽዎ ዳኛው


ጎንደር፣ ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዳኛው፣

ሰላም ላንተ ይሁን። እናትህ እትዬ እናኑ ደኅና ናቸው፤ ጉልበታቸው እንደ ድሮው ባይሆንም አነጋገራቸው አልደከመም።

በመጀመሪያ፣ ለእኔ በፈረንጅ ቀን አትጻፍልኝ። ይህን ስንት ጊዜ እንደነገርሁህ አንተም ታውቃለህ። ሁለተኛ፣ ምንዳዬ ጠርሙሶቹን በጋቢ ጠቅልላ አምስት ቀን ምድጃ አጠገብ አኑራቸዋለች። ምነው ብላት «ብርድ እንዳይመታቸው ብዬ ነው አያ» አለችኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ኬሚስትሪ ባስተማርሁበት ከተማ ነው ይህ የሚሆነው። ሦስተኛ፣ የቡሽ መክፈቻ ፍለጋ ፒያሳን ከላይ እስከ ታች ዞርሁ። በመጨረሻ መታወቂያዬን አስይዤ ከአንድ ሆቴል ተዋስሁ።

መጀመሪያ እኔ ቀመስሁ። የባሮሎው ቀለም ያታልላል። ሳሳ ያለ ነው፤ ብርጭቆውን አሳልፈህ ጋዜጣ ታነባለህ። ጠርዙ የወለቃ ሸክላ ይመስላል። ሽታው የደረቀ ጽጌረዳ ነው፤ ከሥሩ ግን መንገድ ሲሠራ የሚሸተው ትኩስ ሬንጅ አለ። ሁለቱን ማን እንዳስታረቃቸው አላውቅም፤ ተስማምተዋል። ስትጎነጨው ያደርቃል፤ አብዝቶ የፈላ ሻይ እንደሚያደርገው ድድህን ይይዛል። ወዲያው ደግሞ ኮምጣጣነቱ ምራቅህን ይጠራዋል። የሚከራከር ወይን ነው። ወደድሁት።

አማሮኔው ጥቁር ነው ማለት ይቻላል። አልኮሉ ብዙ ስለሆነ በብርጭቆው ግድግዳ ላይ ቀስ እያለ ይወርዳል። ዘቢብ፣ የደረቀ በለስ፣ ኋላ ላይ ኮኮዋ ይሸታል። አፍ ሲገባ ለስላሳ ነው፤ ሳይጣፍጥ ጣፋጭ ይመስላል። ውኃ ያልገባበት ድፍድፍ ብትጠጣ እንዲህ ይከብድሃል። መጨረሻው ላይ ቆይቶ የሚመጣ መራራነት አለው፤ የጌሾ እንጨት ያኘክህ ያህል። ባሮሎው ፊትህ ቆሞ ያናግርሃል፤ አማሮኔው አጠገብህ ተቀምጦ ይደገፍሃል።

በማግስቱ ኮሶዬ ወጣሁ። ባሮሎውን በሻይ ብርጭቆ ሰጠኋቸው። እትዬ እናኑ ቀመሱ፣ ምላሳቸውን ላንቃቸው ላይ አጣበቁና ሳቁ። «ይኸስ ሸጋ ነው። ቁጡ ነው፣ እንዳንተ» አሉኝ። «አሮጌ ሰው ነው የጠመቀው፤ የሚቸኩልበት ነገር የለውም።» ጻፍሁ።

አማሮኔውን ገና ሲያሸቱት ፊታቸው ተለወጠ። በምላሳቸው ጫፍ ነክተው መሬት ላይ አስቀመጡት። ሽታው እንዳይሄድ ብዬ በስኒ ማስቀመጫ ሸፈንሁት። እጄን መቱኝ።

«አትክደነው።»

«ምነው እትዬ?»

«ሰው አለበት።»

ልንገርህ፣ ተናደድሁ። ጣዕም ነው የጠየቅኋቸው፤ ጥንቆላ አልጠየቅሁም። እንዳለ ጻፍልኝ ስላልህ ግን እንዳለ ጽፌልሃለሁ። ለፈተናህ የእኔን ተጠቀም።

አለነ


ቬሮና አቅራቢያ፣ ኅዳር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ አለነ፣

ሰላምዎ ይብዛልኝ። ደብዳቤዎ ማክሰኞ ደረሰኝ። ስለ ባሮሎ የጻፉት እዚህ ካሉት መጻሕፍት ይበልጣል፤ አመሰግናለሁ። አሁን ግን ባሮሎውን ይተዉት።

እናቴ «ሰው አለበት» ብላ ብቻ ዝም አለች? ወንድ ይሁን ሴት አልተናገረችም? ምን እያደረገ እንደሆነስ? እባክዎ ሁለተኛ ጊዜ ያስቀምሷት። የትኛው የቱ እንደሆነ ሳታውቅ ቢሆን ይሻላል፤ እርስዎ እንዲህ ያለውን ሥራ ይችሉበታል።

ከየካቲት ወዲህ ያንን ወይን በቀመስኩ ቁጥር አንድ ነገር ይሰማኛል። ሌሎቹ ሠራተኞች ምንም የለውም ይላሉ። ባለቤቱ እንዲያውም ከአምናና ካቻምናው ይበልጣል ብሎ ይኮራበታል። ነገሩ ወይኑ ውስጥ ይሁን እኔ ውስጥ ማወቅ አለብኝ።

ስለ ፈተናው አያስቡ።

ዳኛው


ጎንደር፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዳኛው፣

እንኳን ለጥምቀቱ አደረሰህ። የዘገየሁት በሁለት ምክንያት ነው። ደብዳቤህ የደረሰኝ በጾም ነው፤ እትዬ እናኑ ደግሞ በጾም ወይን በምላሳቸው አይነኩም። ከገና በኋላ መንገዱ ስድስት ቀን ተዘጋ።

ሁለቱን ወይኖች መለየት ምንም አያረጋግጥም፤ ሕፃንም ይለያቸዋል። ስለዚህ ሌላ ፈተና አዘጋጀሁ። አሥራ ሁለት ተመሳሳይ ብርጭቆ ገዛሁና ሁሉንም በአንድ ምንጭ ውኃ ሞላሁ። ምንዳዬ ውጭ ሆና በፈለገቻቸው ብርጭቆዎች ውስጥ ከአማሮኔው አንድ አንድ ጠብታ ታደርጋለች፤ በሌሎቹ ውስጥ ከባሮሎው። ቁጥሩን በወረቀት ጽፋ ታሽጋለች። እኔም አላውቅም ማለት ነው። የእትዬ እናኑን ዓይን በነጠላ አሰርሁ።

«አያ፣ ይኸ ድግስ ነው ወይስ ማትሪክ?» አለችኝ ምንዳዬ።

«አንቺ ብቻ ጠብታዋን ቁጠሪ» አልኋት።

ሦስት ዙር አደረግን። አክስቴ አልቀመሱም፤ ብርጭቆውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው «የለም፣ የለም፣ አለ» እያሉ አለፉ። ወረቀቶቹን ስከፍት ከሠላሳ ስድስቱ አንድም አልሳቱም። ከዚያ በኋላ ምንዳዬ መቀለዷን ተወች።

እንዴት እንዳወቁት ጠየቅኋቸው። የተናገሩትን ቃል በቃል እነሆ።

«እኔ የአርማጭሆ ልጅ ነኝ። እኛ ማሽላ የምናስቀምጥ በጉድጓድ ነው። ክረምቱን ተዘግቶ የከረመ ጉድጓድ አየሩ ይሞታል። ስለዚህ አፉን ከፍተህ ታሳድረዋለህ። ኩራዝ በገመድ አስረህ ታወርዳለህ፤ ከጠፋ አትገባም። የገባም እንደሆነ አፉ ላይ ገመድ የያዘ ሰው ይቆማል። ወንድሜ ሰውአገኝ የገባ ቀን ገመድ ያዡ ጠላ ሊጠጣ ሄደ። ማሽላውን አልደፋነውም። ክፉ ዘመን ነበር፣ በላነው። ዓመቱን ሙሉ እንጀራው ያንን ጣዕም ይዞ ከረመ። ይኸ እሱ ነው።»

እኔ አጎቴ ሰውአገኝ ሳንጃ ውስጥ በወባ እንደሞተ ነው ሲነገረኝ ያደግሁት። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው።

«ጣዕሙ ምን ዓይነት ነው?» አልኋቸው።

«ስም የለውም። ሰው አፉን ከፍቶ የሚገባለት አየር ሲያጣ አፉ ውስጥ ያለው ነው። እጁን ጠርዝ ላይ አድርጎ ወደ ላይ ያያል። አልተቆጣም። ይጠብቃል።»

አሁን እኔ ራሴ ያየሁትን ልጻፍልህ። ሁለቱንም ጠርሙሶች መልሼ በቡሽ ዘግቼ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጣለሁ። ጠዋት ስነሳ የአማሮኔው ቡሽ ጠርሙሱ አጠገብ ተጋድሞ አገኘዋለሁ። የባሮሎው እንደተዘጋ ነው። መጀመሪያ ያላለቀ ፍላት ይኖራል፣ ጋዙ ገፍቶት ነው አልሁ። ይህ ምክንያት ለአንድ ሳምንት ይበቃል፤ ለሁለት ወር አይበቃም። በሁለቱም አፍ ላይ የበራ ክብሪት አስጠጋሁ። በባሮሎው ላይ ነደደ። በአንተው ላይ ጠፋ። አሥራ አንድ ጊዜ ደገምሁት፤ አሥራ አንዴም ጠፋ።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ምን እንደሆነ፣ የወይን ፍላት ምን ያህል እንደሚያወጣ፣ ከአየር ስለሚከብድ የት እንደሚተኛ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ስለዚህ የምጠይቅህ አንድ ጥያቄ ነው፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር መልስልኝ። ኪዳነ ማርያም በምን ሞተ?

አለነ


ቬሮና አቅራቢያ፣ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያ አለነ፣

የጤናዎን ነገር እንደምን ብዬ እንደምጠይቅ አላውቅም፤ ብቻ ደኅና ይሁኑልኝ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ የካቲት 5 ነው። በየቀኑ ጀምሬ በየቀኑ ቀድጄዋለሁ።

በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ኪዳነ ማርያም ታንከር ውስጥ አየር አጥቶ ሞተ፣ አፉ ላይ መቆም የነበረብኝም እኔ ነበርኩ።

የአማሮኔው ፍላት ሲያልቅ ወይኑ ይቀዳና አተላው ከታንከሩ ሥር ይቀራል። አንድ ሰው ገብቶ በአካፋ ያወጣዋል። አየሩን የሚለካ መሣሪያ አለን፤ ባትሪው አልቆ ነበር። ባዶ ከሆነ ብዙ ሰዓት ስለሆነው ምንም አይልም አልን። ኪዳነ ማርያም ከመግባቱ በፊት «ዳኛው፣ እንደ ቆላው ኩራዝ እናውርድ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። እኔም «ማሽላ መሰለህ?» አልኩት። ገባ። እኔ አፉ ላይ ቆምኩ።

ስልኬ ጠራ። ምድር ቤቱ ውስጥ መስመር ስለማይሠራ ወደ በሩ ወጣሁ። አያ፣ ቀኑ የካቲት 16፣ የኪዳነ ምሕረት ዕለት ነበር። የደወሉት እርስዎ ነዎት። እናቴን በዓሉን በአንድ ቀን አስቀድሜ እንኳን አደረሰሽ ስላልኳት ነበር። ቀን እንዴት እንደሚቆጠር ከመጀመሪያው አስረዱኝ። ሰው ታንከር ውስጥ አለ፣ ልዝጋው ማለት ነበረብኝ። እርስዎ ሲናገሩ ማቋረጥ ፈራሁ። ስመለስ እጆቹ ጠርዙ ላይ ነበሩ፤ ከዚያ በላይ መውጣት አቅቶታል።

ሳይነግረን ብቻውን ገባ የሚል ወረቀት ላይ ፈረምኩ። ለእናቱ ለእትዬ የትነበርሽ ልቡ ነው ተብሎ ዳባት እንዲነገር ባለቤቱ ወሰነ፤ በስልክ የተረጎምኩት እኔ ነኝ። እሳቸውም ሳያለቅሱ «ልቡስ ደኅና ነበረ» አሉኝ።

ፈተናውን አልፌያለሁ። ባሮሎውን በእርስዎ ቃል ገለጽኩት፤ አዳራሹ አጨበጨበ። አማሮኔውን ስቀምስ ያንን እየቀመስኩ ዘቢብና በለስ አልኩ። ቦታውን ሰጥተውኛል። የያዝኩት ቁልፍ የእሱ ነው።

ለእናቴ የበርሜሉ እንጨት ሽታ ነው ይበሏት። የተረፈውን ይድፉት። ዳባት ብቻ እንዳይሰማ። ይህን ሥራ ባጣ የመኖሪያ ፈቃዴንም አጣለሁ።

ዳኛው


ጎንደር፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዳኛው፣

እግዚአብሔር ጽናቱን ይስጥህ። ይህን የምልህ ከልቤ ነው፤ ቀጥሎ ያለውን ስታነብ ያስፈልግሃል።

ስልኬ ላይ የተደረገ ጥሪ አላጠፋም። ፈልጌ አገኘሁት። የካቲት 16 ቀን 2016፣ አሥራ አንድ ደቂቃ። የተናገርሁትንም አስታውሳለሁ። ትክክል ነበርሁ፤ በዓሉን በእርግጥ በአንድ ቀን አሳስተህ ነበር። ይህ ትክክለኛነት ምን ያህል እንደሚመዝን ደብዳቤህ ከደረሰኝ ወዲህ ስመዝነው ቆይቻለሁ።

የበርሜሉ እንጨት ነው አላልኋቸውም። ደብዳቤህን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብሁላቸው። አላለቀሱም። «ልበስ፣ ዳባት እንሄዳለን» አሉኝ። ሰሙነ ሕማማት ስለነበር እስከ ዳግማይ ትንሣኤ አቆየኋቸው፤ በነዚያ ሁሉ ቀናት ከእኔ ጋር ያወሩት ስለ ከብትና ስለ ዝናብ ብቻ ነው።

ማክሰኞ ሚያዝያ 21 ሄድን። የአማሮኔውን ጠርሙስ አልደፋሁትም፤ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አንድ ነገር ግን ልመዝግብ። ስድስት ወር ተከፍቶ የቆየ ወይን ኮምጣጤ መሆን አለበት። ባሮሎው ሆኗል። የአንተው በተከፈተበት ቀን እንደነበረው ነው።

እትዬ የትነበርሽ ቤታቸው ከአውቶቡስ መናኸሪያው ብዙም አይርቅም። ማን እንደሆንን ሳይጠይቁ ጠላ ቀዱልን። አክስቴ አንድ ጊዜ ጎንጨት አሉና ጣሳውን ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«ልጄ ከልጅሽ ጋር ነው የሚሠራ» አሉ።

«ይሠራ ነበር በይ።»

«እሱን ልንነግርሽ ነው የመጣነ።»

እትዬ የትነበርሽ ግን የሚያዩት ቦርሳዬን ነበር። «በዚያ ምን ይዛችኋል?» አሉ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ታንከር የሚል ቃል እንኳ ከአፋችን አልወጣም፤ ይህን ልብ በል። ጠርሙሱን አወጣሁ። ቡሹ ቦርሳዬ ሥር ወድቆ ነበር።

አልቀመሱም። የጠርሙሱን አፍ ወደ ፊታቸው አስጠጉት። ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው ነጠላቸውን ከአንገታቸው አላቀቁ። እኔንም አክስቴንም ሳያዩ፣ ሰው ፊት ለፊታቸው እንደተቀመጠ ሁሉ ቀስ ብለው ጠየቁ።

«አፉ ላይ ማን ነበር?»

አክስቴ ዓይናቸውን ጭናቸው ላይ ወዳለው ጣሳ አወረዱ። እናትህ ናቸው፣ አልፈርድባቸውም። መልሱ የእኔ ሆነ። ስምህን ከነአባትህ ተናገርሁ። ቀጥዬ የራሴን ስም ተናገርሁ፤ ከአፉ ላይ የጠራሁት እኔ ነኝ አልሁ።

«ስንት ደቂቃ አወራችሁ?»

«አሥራ አንድ።»

«ስለምን?»

«ስለ ቀን።»

እንደዚያ ባለ ቤት ውስጥ ሰው ይጮሃል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልጮኹም። ተነሥተው ከሣጥን ደብተርና እስክሪብቶ አወጡ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የተማሩ ናቸው፤ እጅ ጽሕፈታቸው ግን ከአንተም ከእኔም ይሻላል። አድራሻህን እንድነግራቸው ጠየቁኝ። የፖስታ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። እኛን አስቀምጠው ጻፉ፤ በመሐል እየቆሙ ወደ ጠርሙሱ ጆሯቸውን ዘንበል ያደርጉና ይቀጥላሉ። ጽፈው ሲጨርሱ ፀሐይዋ ከደጃፉ ወጥታ ነበር። ጠርሙሱንም አልመለሱልኝም። ክፍቱን መደቡ ላይ፣ ከራስጌያቸው አኖሩት።

እናትህ እንዲህ ብዬ እንድጽፍ አዘውኛል። የፈረምህበትን ወረቀት ራስህ ሄደህ በእውነተኛው አስለውጥ። ፈቃድህን ብታጣ ኮሶዬ አልጋህ እንደተነጠፈ ነው። እስከዚያ ግን ከዚያ ቤት የሚበላም የሚጠጣም አትላክላቸው።

ከእንግዲህ መልስ የምትጽፈው ለእትዬ የትነበርሽ ነው። ደብዳቤያቸውን ከትናንት ወዲያ እኔው ፖስታ ቤት አስገባሁት፤ ከዚህኛው ቀድሞ ይደርስሃል። ለእኔም የታሸገ አንድ ሰጥተውኛል። ጠረጴዛዬ ላይ ነው። አልከፈትሁትም።

አለነ